በድንጋይ ላይ የበቀለ ጥርስ

ከናሪን ከተማ ወደ እኛ መንደር ወደ ኮክ-ዳላ የሚመጣን ሰው ቀድመው የሚቀበሉት ሙታኖቻችን ናቸው። በሕይወት ያለነው ከታች ከወንዙ ዳር በጭቃ ቤት እንኖራለን፤ የሞቱት ግን ከመንገዱ በላይ፣ ፀሐይ ቀድማ ከምትደርስበት ኮረብታ ላይ ሆነው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። ድሮ የእነሱም ቤት ጭቃ ነበር። ዝናቡ ይሸረሽረዋል፣ ሣሩ ያለብሰዋል፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ መሬት የሰጠችውን መልሳ ትወስዳለች። እንደ ዘፈን ነበር፤ ያልቃል፣ በማለቁም ይናፍቃል። ኋላ ጥቁሩ ድንጋይ መጣና ማለቅ ነውር ሆነ።

ጥቁሩ ድንጋይ እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። በሹል ብረት ሲወጉት የተወጋው ቦታ ይነጣል፤ ነጥብ ከነጥብ ሲጋጠም ፊት ይወጣዋል፣ ጺም ይወጣዋል፣ ኮት ይወጣዋል። በወረዳችን ይህን ጥበብ የሚያውቀው ዶሎት ብቻ ነው። ዶሎት ፊት መሣል ይችላል፣ አላህ ይስጠው። ኮት ግን የሚያውቀው አንድ ነው፤ ትከሻው እንደ በር መቃን ቀጥ ያለ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ከውስጡ ነጭ ሸሚዝና ባለ ሰረዝ ክራቫት። ከካርቶን ቆርጦ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። እረኛ ቢሞት ያ ኮት፣ አናጢ ቢሞት ያ ኮት። እንዲህ ሆኖ በኮረብታችን ላይ አርባ አንድ ወንዶች አንድ ኮት ለብሰው ቆመዋል፤ ስብሰባ ተጠርተው ሰብሳቢው የቀረባቸው ይመስላሉ። በሕይወታቸው ክራቫት ነክቷቸው የማያውቅ አንገቶች ለዘለዓለም ታንቀው ቀሩ።

አርባ ሁለተኛው ቤይሼን ነው። የእሱን ነገር ለማውራት ግን ከሚስቱ ከኡልካን መጀመር ያስፈልጋል።

ኡልካን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከማዶው ሸለቆ ተድራ መጣች። ሥራዋ ባዝራ ማለብ ነበር፤ በቀን አምስት ጊዜ በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ባልዲውን በሌላው ጭኗ ላይ አስደግፋ። ባሏ ቤይሼን የፈረስ እረኛ ነው፤ አጭር፣ እግሩ የተቀሰተ፣ መሬት ላይ ሲሄድ የሚያሳዝን፣ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ልዑል። ከፊቱ አንድ ነገር ጎድሏል፤ የላይኛው የፊት ጥርሱ። የሄደውም በሠርጋቸው ሰሞን፣ የፍየል ሬሳ በፈረስ በሚቀማሙበት ጨዋታ ላይ ነው። ቤይሼን ሬሳውን ከሦስት ጎረምሶች መንጭቆ ሲወጣ የአንዱ አለንጋ እጀታ አፉን አገኘው። ጥርሱን ተፋ፤ ሬሳውን አልለቀቀም። ሽልማቱ አንድ ሙክት ነበር። ሙክቱን ለብር ሠሪ ሰጠና ለሙሽራይቱ የጸጉር ጌጥ አሠራላት፤ ከሁለት ሹሩባዎች ጫፍ የሚንጠለጠል፣ በእርምጃዋ ቁጥር እንደ ቃጭል የሚንቃጨል።

“ጥርሴን ከጸጉርሽ ላይ ሰቀልኩት” ይላት ነበር። “እንዳይጠፋሽ።”

ከዚያ ወዲያ ኡልካን ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ቤይሼንም ሲስቅ በዚያች ቀዳዳ ፉጨት ያመልጠዋል። እሷ ስትንቃጨል እሱ ሲያፏጭ፣ ቤታቸው ዜማ እንጂ ሌላ ዕቃ አልነበረውም።

ኡልካን ሌላም ነገር ነበራት፤ ሙሾ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወንዶቹ ከድንኳን ውጭ በምርኩዝ ተደግፈው ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ከውስጥ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ያዜማሉ። አንድ ሕግም አለን፦ ሙሾ የምታወርድ ሴት አትቋረጥም። ቢመርም ቢጎመዝዝም እስክትጨርስ ይሰማል። ያቋረጠ ሰው በሞተ ጊዜ አልቃሽ አያገኝም ይባላል፤ ይህን ደግሞ የጋራ እርሻው ሊቀ መንበር ሳይቀር ይፈራው ነበር። ኡልካን ይህን ሕግ አጥር አደረገችውና ከአጥሩ ጀርባ ሆና ድንጋይ ትወረውር ጀመር። የእርሻው የመጋዘን ኃላፊ ሳቲባልዲ የሞተ ዕለት፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ እንዲህ አለች፦

አይጥ ያልሰረቀችው የጎተራ ዘበኛ፣
ምን ዓይነት ሌባ ነው የወሰደብን ከእኛ፤
ሚዛኑ አይሳሳት፣ እጁ አይርገበገብ፣
ግማሹን ለሕዝብ፣ ግማሹን ለቤተሰብ።

የሳቲባልዲ ሚስት ከጎኗ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ስትሰማ ማልቀሷን አቆመች፤ ሦስተኛው ላይ ቀና አለች፤ አራተኛው ላይ መልሳ ማልቀስ ጀመረች፣ ይኼኛው ለቅሶ ግን ከልብ ነበር።

እንግዲህ ቤይሼን ሲሞት የሸለቆው ሰው ሁሉ የኡልካንን ሙሾ ሊሰማ ተሰበሰበ። አላዜመችም። የብር ጌጧን ከጸጉሯ ፈታች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ዝም አለች። “ደረቀባት” አሉ ሴቶቹ። አልደረቀባትም። ያላወጣችው ሙሾ በደረቷ ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀመጠ።

ከቤይሼን የቀረ አንድ ፎቶ ነበር፤ ከብት ሊከትብ የመጣ ሐኪም ያነሳው። በፈረስ ላይ ነው። ነጩ የሱፍ ቆቡ ወደ አንድ ጆሮው አዘንብሏል፣ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ቀዳዳዋ ወለል ብላ ትታያለች። ኡልካን ፎቶውን ከጌጧ ጋር በአንድ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኖረችው።

በስምንተኛው ዓመት ልጇ ኤርመክ ከከተማ መጣ። ኤርመክ በወረዳው የአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ሆኖ ነበር። የምን መሥሪያ ቤት እንደሆነ በደንብ አናውቅም፤ ምክትል መሆኑን ግን ዶሮዎቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ።

“አፓ፣ የሳቲባልዲ ልጆች ድንጋይ አቁመዋል” አለ እናቱን፣ ጫማውን ሳያወልቅ።

“አየሁት። እንዳይነሳባቸው ፈርተው ይሆናል።”

“ሰው ምን ይለኛል? የምክትል ኃላፊ አባት በጭቃ ክምር ስር!”

“አባትህ ሲተኛ አንተ ምክትል አልነበርክም። ጭቃውም አልቆረቆረውም፤ ቢቆረቁረው ይነሳ ነበር።”

“ቀልዱን ተይውና ፎቶውን ስጪኝ።”

ኡልካን ሳጥኑን ከፈተች። ፎቶውን አወጣች፣ አልሰጠችውም።

“ስማኝ ልጄ። አንተ ከተማ ትምህርት ላይ ነበርክ፤ አባትህን በክረምት በክረምት ነው ያየኸው። ልጆችህ ጭራሽ አላዩትም። እኔ ስሄድ ይህን ፊት የሚያውቅ አይኖርም፤ ድንጋዩ ያላቸውን ያምናሉ። ሌላውን እንደፈለግህ አድርግ። ጥርሱን እንዳትነካብኝ።”

“የትኛውን ጥርስ?”

“የሌለውን።”

ኤርመክ እሺ አለ፤ ፎቶውን ሰጠችው። ሹመኛ እሺ ሲል ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ዋጋ እንደሌለው እናቱ አታውቅም ነበር።

በዶሎት ግቢ የሆነውን ዶሎት ራሱ ነው ኋላ የነገረን።

“ዶሎት ባይኬ፣ ይህን ሰው ሰው አድርግልኝ” አለ ኤርመክ፣ እንደ ታላቅ ወንድም አክብሮ እየጠራው።

“ሰው ነው እኮ። እየሳቀ ነው።”

“መቃብር ላይ ይሳቃል እንዴ? አፉን ሰብሰብ አድርገው። ፈገግታ ይብቃው፣ የኃላፊ ፈገግታ። ጥርሱን ሙላው።”

“ቆቡስ?”

“አውልቀው። ጸጉሩን ወደ ኋላ አበጥረው።”

“መላጣ ቢሆንስ? ከቆቡ ስር ያለውን አላህ ነው የሚያውቀው።”

“አባቴ መላጣ አልነበረም! ኮት አለህ አይደል?”

“ከኮትማ አልቸገርም” አለ ዶሎት፣ ካርቶኑን ከግድግዳው አውርዶ አቧራውን እያራገፈ። “ሜዳሊያ ይኑረው?”

“ሳቲባልዲ ስንት አለው?”

“ሦስት።”

“አራት አድርግለት።”

“የምን የምን?”

“ከሩቅ የማይነበብ።”

ዶሎት ፊቱን ወደ ድንጋይ ለማሻገር ፎቶውን በስክሪብቶ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ከፋፈለው። ፈረሱ አያስፈልግምና በመቀስ ቆረጠው። ጥርሱ ሲሞላ ምን እንደሚመስል ለማየትም ቀዳዳዋን በነጭ ቀለም ደፈናት። ኤርመክ የተረፈውን በፖስታ አድርጎ ለእናቱ መለሰላት፤ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ፣ እንደ ወንፊት የተሰመረ ራስ።

ኡልካን ፖስታውን አራገፈች፤ ሌላ ነገር አልወደቀም።

“ፈረሱስ?”

“ምን ያደርግልሻል አፓ? ድንጋዩ ላይ አልፈለግነውም።”

“ከፈረሱ ካወረዳችሁትማ” አለች ኡልካን፣ “አሁን ገና ሞተ።”

የሐውልቱ ድግስ በመስከረም ሆነ። ባዝራ ታረደ፣ ግቢው ውስጥ ትልቁ የሱፍ ድንኳን ተተከለ፣ ከከተማ የኤርመክ አለቃ በጥቁር መኪና መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ድንጋዩን በቀጥታ ኮረብታው ላይ ያቆማል፤ ኤርመክ ግን እንግዳ ሁሉ አጠገቡ ቆሞ እንዲያየው ፈለገና በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ከድንኳኑ በር አስደገፈው። ቁርዓን ተቀራ፤ ከዚያ አለቃው ጨርቁን ገለጠ።

“አቤት ግርማ!” አሉ ከፊት ያሉት።

“ሚኒስትር እኮ ነው የሚመስለው!”

ከኋላ ሽማግሌው ቶሎጎን፣ ሠላሳ ዓመት ከቤይሼን ጋር ፈረስ ያገደው፣ ቆቡን አወለቀ። “ማነው ይሄ ትልቅ ሰው?” ብሎ የጎኑን ሰው ጠየቀው።

“ዝም በል፣ ቤይሼን ነው።”

“ቤይሼን? እኔ እኮ ጎንበስ ብዬ እጅ ልነሳው ነበር!” አለና ቆቡን መልሶ ደፋው።

ያኔ ከድንኳኑ ውስጥ ስምንት ዓመት ያልሰማነው ድምፅ መጣ፤ ብር ከብር ሲጋጭ። ኡልካን ጌጧን ከሽበታም ሹሩባዎቿ ጫፍ አስራ ወጣች። ሴት ልጅ በሙሾ ጊዜ ከድንኳን አትወጣም፤ እሷ ግን ወጣች፣ ጀርባዋን ለእኛ ፊቷን ለድንጋዩ ሰጠች፣ ጀመረች። አንዴ ጀምራለችና ማን ያስቁማት።

እንዴት ዋሉ ጌታው፣ ባለ ክራቫቱ፣
ምን እግር ጣለዎ ከመበለቲቱ፤
አራት ሜዳሊያ ደረትዎ ላይ አለ፣
የኔ ባል ደረቱ ጠጉር ብቻ አበቀለ፤

የአለቃው እጅ የገለጠውን ጨርቅ እንደያዘ በአየር ላይ ቀረ። ኤርመክ ከንፈሩን ነከሰ። ከሕዝቡ መሀል ሳቅ ሲያመልጥ ተሰማና ቶሎ ወደ ሳል ተቀየረ። የኡልካን ድምፅ ግን ዝቅ አለ፣ ውሃ ወደ ቆላ ሲወርድ እንደሚከብደው ከበደ።

የኔ ባል ሲስቅ ንፋስ ይገባ ነበር፣
በጥርሱ መሀል በዚያች ጠባብ በር፤
እርስዎ ግን ዘግተው ደጁን ቆልፈውት፣
ሳቁ በየት ይውጣ፣ የት ነው ያኖሩት፤
ካዩት ይንገሩልኝ፣ ባሌ ጠፍቶብኛል፣
ከእርስዎ ድንጋይ ስር ተኝቷል ይሉኛል።

ሳቃችን ጉሮሮ ላይ እንባ ገጥሞት እዚያው ቀረ። ቶሎጎን ምርኩዙን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አለቃው ብቻ፣ የእኛን ልማድ ስለማያውቅ፣ “በጣም ጥሩ ነው፣ በጣም ባህላዊ ነው” ብሎ አጨበጨበ።

ማታ እንግዳው ሲበተን ኤርመክ ገነፈለ። “አዋረድሽኝ አፓ!”

“አለቀስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?”

“ዶሎትን ጠይቂው፤ አሁን ቢፈለግስ ይስተካከላል?”

ዶሎት አንገቱን ደፍቶ ባዶ ሳህን ያያል። “አይስተካከልም” አለ። “ጥቁሩን ማንጣት እችላለሁ አፓ። የነጣውን መልሶ ማጥቆር ግን ከእጄ አይደለም። ድንጋይ የተወጋውን አይረሳም።”

በማግስቱ ድንጋዩ ኮረብታው ላይ ቆመ። ስድስት ሰው ተሸከመው፤ ቤይሼንን ራሱን የተሸከሙት አራት ነበሩ።

እኛ ዘንድ ሐሙስ ሐሙስ ለሙታን ሊጥ ይጠበሳል፤ የሚበሉት ሽታውን ነው። ኡልካን ግን በአሳላፊ የምታምን ሴት አልነበረችም፤ በበግ ላት የጠበሰችውን ትኩሱን በጨርቅ ቋጥራ ራሷ ይዛ ትወጣለች። ድንጋዩ በቆመ በመጀመሪያው ሐሙስ ከፊቱ ቁጭ አለች፣ ሁለቱን በላች፣ አንዱን ለወፎች ቆረሰች። ከዚያ ንዴቷ መጣባትና ክራቫቱን በቅባታም መዳፏ ጠፈጠፈችው።

ክራቫቱ ጠቆረ።

እጇን አየች። ድንጋዩን አየች። ስቡ በነጫጮቹ ነጥቦች ውስጥ ሰርጎ፣ የጠፈጠፈችው ቦታ ከተወለወለው ጥቁር ጋር አንድ ሆኗል። ኡልካን ዙሪያዋን ቃኘች፤ አርባ አንዱ ባለ ኮቶች በዝምታ ይመለከታሉ። ቀጠለች።

መጀመሪያ የሄደው ክራቫቱ ነው። ሜዳሊያዎቹ አንድ ክረምት ፈጁ፤ ዶሎት ጠለቅ አድርጎ ወግቷቸው ነበር። ኮቱ ከትከሻው ጀምሮ እንደ ጭጋግ ተነሳ። ፊቱን አልነካችውም፤ ከአንዲት ቦታ በቀር። በመጨረሻ ሌባ ጣቷን ላቱ ውስጥ ነክራ ከላይኛዋ የፊት ጥርስ ላይ ታኖራለች፣ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ ትይዛታለች። በዓመቱ ያቺ የድንጋይ ጥርስ ወለቀች። ከጨለማው ድንጋይ ውስጥ ኮት የሌለው፣ ሹመት የሌለው አንድ ፊት ብቻ ብቅ አለ፤ ያቺ ቀዳዳም አፉን የከፈተችው መሰለ። ድንጋዩ የኃላፊ ፈገግታ ነበረው፤ ቀዳዳ ያለበት የኃላፊ ፈገግታ ግን ምንም ቢያደርጉት ሳቅ ነው።

ኤርመክ ለበዓል መጥቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ሲወርድ ፊቱ ነጥቶ ነበር።

“የአባባ ክራቫት የት ሄደ?”

“ሞቀው፣ አወለቀው።”

“ሜዳሊያዎቹስ?”

“መለሳቸው። ታማኝ ሰው ነበር እኮ።”

“ጥርሱስ አፓ?”

“እሷማ ድሮም የለችም” አለች ኡልካን፣ ሹሩባዋን ወዝወዝ አድርጋ። ቅ...ጭ...ል። “እኔ ጋ ናት።”

ወሬው ተሰማ። ከሁለት ሐሙስ በኋላ የአናጢው ሚስት በቅባታም እጅ ስትወርድ ታየች። ከእሷ በኋላ የባለ ወፍጮው ሚስት። የሳቲባልዲ ሚስት ሜዳሊያዎቹን ትታ ኮቱን ብቻ አጠፋች፤ አሁን ሰውዬው ራቁት ደረቱ ላይ ሦስት ሜዳሊያ ለጥፎ ቆሟል፣ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ጡሩንባ ይነፋለታል። ላት በገበያ ተወደደ። ዶሎት አኩርፎ ሰነበተና ኋላ ከደጁ ላይ “ጥርስ እንደ ደንበኛው ፍላጎት” ብሎ ጻፈ።

ኡልካን የሞተችው በበልግ ነው፣ ባዝራዎች በሚወልዱበት ሰሞን። “ድንጋይ እንዳትጭኑብኝ” አለች ኤርመክን፤ “የጸጉሬን ብር ለልጅህ ስጣት፣ ትንቃጨል።” ኤርመክ ብሩን ለልጁ ሰጠ። ድንጋይ አላቆመም፤ በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ ፈዛዛ ነው ይለው ነበር፣ ግን አላቆመም። እሷ ከባሏ ጎን በጭቃ ስር ተኛች።

ሙሾዋን ግን ማን ያውርድ? ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ የሚችላትን አላገኙም።

ስብ የዘለዓለም ነገር አይደለም። በረዶ ጣለ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ፀሐይ ድንጋዩን አሞቀችው። በሚቀጥለው በልግ መጀመሪያ በቤይሼን አንገት ላይ ቀጭን ግራጫ ሰረዝ ታየ። ከዚያ አንድ ሜዳሊያ። ክራቫቱ እንደ ጎርፍ ውሃ ቀስ እያለ ወጣ፣ ያቺ ጥርስም እንደ ሕፃን ጥርስ ነጥብ ሆና ብቅ አለች። ከመንገድ ሆነን እያየን “ሊሾም ነው” ተባባልን። ኤርመክ የፈለገው አባት ተመልሶ እየመጣለት ነበር፤ ማንም ምንም ሳያደርግ፣ እንዲያው ዝም በማለት ብቻ።

አንድ ሐሙስ ከወንዙ ዳር ፈረስ ሳጠጣ ቀና ብዬ አየሁ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከኮረብታው ግርጌ ቆሟል። ኤርመክ ከላይ ነው፤ ከቢሮ በቀጥታ የመጣ፣ ኮት የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ። ከሩቅ ላየው አርባ ሦስተኛው ድንጋይ ይመስላል። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ መንደሩ አየ፤ እኔን አላየኝም። ሜዳሊያዎቹን ተዋቸው፤ ክራቫቱንም አልነካውም፤ ሹመት ያስፈራል። ሌባ ጣቱን ወረቀቱ ውስጥ ነከረና ከአባቱ የፊት ጥርስ ላይ አኖረ፣ ረጅም ጊዜ፣ አንድ ዘፈን የሚያህል ያዛት።

ከዚያ ጣቱን የሚያብስበት ጨርቅ ፈለገ፣ አጣ፣ በገዛ ክራቫቱ አበሰው።